መንገደኛ በባላገር ቤት ሲመገብ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ በተጓዘ ጊዜ ምግቡን የሚያዘጋጁለት የማያውቃቸው እጆች ናቸው። ከደጀንና ከየጥኖራ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ቢቸና፣ ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ሞጣ የሚሄድ መምህር፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ለንግሥ በዓል የሚጓዝ ምእመን፣ የምሳ ሰዓት በመንገድ ላይ ሲደርስበት ከሦስት ስፍራዎች በአንዱ መመገቡ አይቀርም፤ ይኸውም በከተማ ምግብ ቤት፣ በመንገድ ዳር ጠላ ቤት ወይም ሻይ ቤት፣ አለዚያም በእርሻው መካከል በተሠራ የገበሬ ቤት ነው። የዚህ ወር ትምህርታችን በተለይ ስለ ሦስተኛው ይሆናል።

የጎጃም ባላገር እንግዳ አክባሪ መሆኑ የታወቀ ነው። መንገደኛ በደጁ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ባለ ጊዜ ባለቤቲቱ በሌማቷ ያለውን ታቀርብለታለች፤ በገበያ ቀንም በመንገድ አጠገብ ያለው አንዳንዱ ቤት እንጀራና ጠላ በዋጋ ይሸጣል። ይህ መልካም ልማድ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ነገር ግን በአንድ ምሳ የተወሰደ የአንጀት ተስቦ ወይም የደም ተቅማጥ በመንገደኛው ላይ ብቻ አይቀርም። ሰውዬው ወደ ቤቱ ሲመለስ ለልጆቹ፣ መምህር ከሆነም ለተማሪዎቹ ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህ መንገደኛ ለአፉ የሚያደርገው ጥንቃቄ የራሱ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡና የትምህርት ቤቱም ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ ሰዎች በሁለት ወገን ሲሳሳቱ ይታያሉ። አንደኛው ወገን የጭቃ ግድግዳና ጢስ ያጠቆረው ጣራ ባየ ጊዜ ምግቡን ሁሉ ይጠራጠርና ሳይበላ ይውላል፤ ከዚያም ከተማ ደርሶ ጠረጴዛው በተወለወለ ምግብ ቤት ጠዋት ተሠርቶ የቀዘቀዘ ወጥና በጥሬ ውኃ የታጠበ ሰላጣ ያለ ሥጋት ይበላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በፍቅር የቀረበ ምግብ አይጎዳም ብሎ ጥሬውንም የበሰለውንም ሳይለይ ይቀበላል። ሁለቱም የሚፈርዱት በዓይን በሚታየው ነገር ነው፤ በሽታን የሚያመጡት ጀርሞች ግን በዓይን አይታዩም። ጢስ ለዓይንና ለሳንባ ጠንቅ ቢሆንም የጠቆረ ጣራ ማንንም በተቅማጥ አይጥልም፤ የባለቤቲቱም ደግነት ጀርም አይገድልም።

ታዲያ መንገደኛው ምን ይመልከት? መልሱ አጭር ነው፤ እሳቱን ይመልከት። ይህ ምግብ እሳት አግኝቷልን? ካገኘስ በኋላ ምን ነካው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የያዘ ሰው በድኻውም በሀብታሙም ማዕድ ቀርቦ የሚበላውንና የሚተወውን ለመለየት ይችላል።

የእሳት ሥራ

በምግብ የሚተላለፉት አብዛኞቹ ጀርሞች፣ ምግቡ እስከ መካከሉ ድረስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲበስል ይሞታሉ። ከ60 ዲግሪ በላይ በትኩስነቱ የተጠበቀ ምግብም ለመራባት አይመቻቸውም። ምግቡ ቀዝቅዞ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ግን ከእሳቱ የተረፉት፣ ወይም በኋላ በእጅ፣ በዝንብና በዕቃ የገቡት በፍጥነት ይበዛሉ። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በሰሌዳ ላይ በሒሳብ ለማስረዳት ይችላሉ። ምቹ ሁኔታ ያገኘ አንድ ጀርም በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል ብንል፣ በአንድ ሰዓት 8፣ በሁለት ሰዓት 64፣ በአራት ሰዓት 4,096 ይሆናል። ረፋድ ላይ ከምድጃ ወርዶ ከሰዓት በኋላ ሳይሞቅ የቀረበ ወጥ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ነው።

የዚህን ነገር እውነትነት የሚያስረዳ የታወቀ ምሳሌ በአሜሪካ አገር ይገኛል። በ1906 እ.ኤ.አ. ከኒው ዮርክ ከተማ ብዙ በማይርቀው በኦይስተር ቤይ፣ በአንድ ቤት ከነበሩት 11 ሰዎች ስድስቱ በአንጀት ተስቦ ታመሙ። ጆርጅ ሶፐር የተባለ የንጽሕና መሐንዲስ ነገሩን ሲመረምር ምክንያቱ ሜሪ ማለን የተባለች ወጥ ቤት መሆኗን ደረሰበት። ሴቲቱ ራሷ ጤነኛ ትመስል ነበር፤ ሆኖም የበሽታውን ጀርም በሰውነቷ ትሸከም ነበር። ሶፐር እንደ ገመተው በሽታውን ያስተላለፈው በእሳት የበሰለው ምግቧ ሳይሆን፣ ጥሬ ኮክ ከትፋ የጨመረችበት አይስክሬም ነው፤ የበሰለውን የእሳቱ ሙቀት ያነጻው ነበርና። እንግዲህ ምግብ የሚያቀርብልን ሰው ጤነኛ መስሎ መታየቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ዋስትናው እሳትና የታጠበ እጅ ነው።

ማዕዱ በእሳት ሲመዘን

የባላገሩን ምግብ በዚህ መለኪያ ብንመረምረው በሦስት ይከፈላል።

1ኛ፤ እሳት አግኝቶ በትኩሱ የሚቀርብ። ከምጣድ የወጣ እንጀራ፣ እየተንተከተከ የቀረበ ሽሮና ምስር፣ በልክ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከጀበና የተቀዳ ቡና፣ የፈላ ሻይ፣ እንዲሁም የተቆላ ቆሎ ከዚህ ወገን ናቸው። ከዚህም የምንረዳው፣ ጥሪቱ አነስተኛ በሆነው ቤት እንኳ ለመንገደኛ የሚበቃ ደኅና ምግብ መኖሩን ነው። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ ትምህርት የቀሰሙ የቆሎ ተማሪዎች በአኮፋዳቸው የሚይዙት ቆሎና ድርቆሽ፣ እሳት ያገኘና ውኃ የሌለበት ስለ ሆነ ቶሎ አይበላሽም። ረቡዕና ዓርብም ለመንገደኛ የሚመቹ ቀኖች ናቸው፤ በእነዚህ ቀኖች ጥሬ ሥጋና ጥሬ ወተት ከማዕድ ይርቃሉ፤ በቦታቸውም በእሳት የሚንተከተከው ሽሮ ይተካል።

2ኛ፤ እሳት አግኝቶ በኋላ የሚበከል። ለዚህ በሶ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ ዱቄቱ ደኅና ነው፤ ነገር ግን በጥሬ ውኃ ሲበጠብጡት፣ ወይም ባልታጠበ እጅ ሲጨብጡት እሳቱ የሠራው ሥራ ሁሉ ይፈርሳል። ጠላም እንዲሁ ነው። አሻሮው ይቆላል፣ ቂጣው ይጋገራል፤ በጋኑ የሚጨመረው ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ያልፈላ ነው። በጠላ ውስጥ ያለው አልኮልም አነስተኛ ስለ ሆነ ጀርም ይገድላል ተብሎ አይታመንበትም። በዚህ ላይ አንዱ የጠጣበት ጣሳ በባልዲ ውኃ ተለቅለቅ ተደርጎ ለሌላው ሲቀዳ በሽታ ከአፍ ወደ አፍ ይሸጋገራል። የቀዘቀዘ ወጥ፣ ያልተከደነና ዝንብ ያረፈበት እንጀራ፣ በጥሬ ውኃ የተበጠበጠ አዋዜ ከዚሁ ወገን ናቸው።

3ኛ፤ እሳት ያላገኘ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ከጥሬ ወተት የተሠራ እርጎ፣ በደንብ ያልታጠበ ቃሪያና ሰላጣ፣ ጥሬ ውኃም በዚህ ይቆጠራሉ። ስለ ሥጋ፣ ስለ ወተትና ስለ ውኃ ለየብቻ መናገር ያስፈልጋል።

ስለ ሥጋ

በአገራችን ስለ ኮሶ ያልሰማ ሰው የለም። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ኮሶ ዛፍና ስለ መድኃኒትነቱ ጽፏል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ኮሶ መጠጣትን እንጂ ትሉ ከየት እንደሚመጣ አያስተውልም።

የኮሶ ትል የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ በሜዳ ሲበተን ከብት ከሣር ጋር ይግጠዋል። በከብቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶም እንደ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን፣ ወይም ለብ ለብ ብቻ አድርጎ ሲበላው በአንጀቱ አድጎ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። ይህ የከብት ሥጋ ኮሶ ከሰው አንጀት በቀር የሚያድግበት ስፍራ የለውም። ስለዚህ መንገዱ የሚዘጋው በሁለት በሮች ነው፤ አንደኛው ሥጋን ቀይነቱ እስኪጠፋ እስከ መካከሉ ማብሰል፣ ሁለተኛውም ሰገራን በሽንት ቤት መወሰን ነው።

እዚህ ላይ መንገደኛው ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። ጥሬ ሥጋ የለመደ ሰው መኪናው ሲቆም ከባላገሩ አጥር ጀርባ ወርዶ በግጦሹ ላይ ቢጸዳዳ የገበሬውን በሬና ላም ይበክላል፤ ከዚያም የደጉ ገበሬ ልጆች ይታመማሉ። ስለዚህ እንግዳ ከአስተናጋጁ በሽታ እንዳይወስድ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ በሽታ እንዳይተውለትም ሊጠነቀቅ ግዴታ አለበት።

የኮሶ ትል ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ በልክ የተመጠነ መድኃኒት ይሰጠዋል። የዛፉ ኮሶ ግን መጠኑ በውል ስለማይታወቅ ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል።

እሳት የማያድነውም ሥጋ አለ። ታምሞ የሞተ፣ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት የአባ ሰንጋ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። የዚህ በሽታ ዘር እጅግ ጽኑ ስለ ሆነ ተራ መቀቀል አያጠፋውም፤ ሥጋውን የሚገፍና የሚቆራርጥ ሰውም በቆዳው በኩል ይይዘዋል። እንዲህ ያለው ሥጋ መበላት ቀርቶ መነካት የለበትም። በክቶ የቀረውን ከብት አለመብላት የአባቶች ሥርዓት መሆኑ በዚህም በኩል ትልቅ ጥቅም አለው።

ስለ ወተት

ከላሟ ጡት በቀጥታ የታለበ ወተት ነጭና ጣፋጭ ስለ ሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ላሟ የከብት ነቀርሳ ወይም ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ካለባት ጀርሙ በወተቱ ይወጣል። ብሩሴሎሲስ በሰው ላይ ተመላላሽ ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ድካም ያመጣል፤ ብዙ ጊዜም ከሌላ ትኩሳት ጋር ይመሳሰላል። የፈረንሳይ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በሙቀት ጀርምን ለማጥፋት የሚቻልበትን ዘዴ አሳየ፤ ዛሬ ወተት በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰኮንድ በማሞቅ የሚነጻው በዚሁ ዘዴ ነው። በባላገር ቤት ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ ወተቱ ተንተክትኮ ወደ ላይ እስኪገነፍል ማፍላት ይበቃል። የእርጎ ኮምጣጣነት አንዳንዱን ጀርም ቢያደክምም ሁሉን አይገድልም። አይብም አሬራው ብዙ ጊዜ በለዘብተኛ እሳት ብቻ ስለሚሞቅ፣ ወተቱ አስቀድሞ ካልፈላ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም።

ስለ ውኃ

ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ የሚፈላበት ሙቀትም ይቀንሳል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በእነዚህ ከተሞች በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ አገር ለመብሰል የሚዘገዩትም ስለዚህ ነው። የሆነ ሆኖ ይህ ሙቀት የተቅማጥንና የአንጀት ተስቦን ጀርሞች ለመግደል በቂ ነው። ለጥንቃቄ ግን ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እየተንፈቀፈቀ እንዲቆይ ማድረግ ይገባል። ከፈላ በኋላም በታጠበና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ሲቀዳም እጅ የሚነክር አይሁን። የምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ንጹሕ ነው አይባልም።

ስለ እጅ

እንጀራን የምንበላው በእጃችን ነው፤ ጉርሻም የሚሰጠው በእጅ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ማንኪያችን እጃችን ነው ማለት ይቻላል። ከማዕድ በፊት ውኃ አስፈስሶ እንግዳን ማስታጠብ በአገራችን የኖረ ልማድ መሆኑ ትልቅ ሀብት ነው፤ የሚወርድ ውኃ በሳሕን ከተጠራቀመ ውኃ ይሻላልና። በዚህ ልማድ ላይ የሚታዩት ጉድለቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሳሙና ይቀራል፤ ሁለተኛ፣ የቀኝ እጅ ጣቶች ጫፍ ብቻ ይርሳል፤ ሦስተኛ፣ የታጠበው እጅ ሁሉም በተጠቀመበት ጨርቅ ይደረቃል። ሁለቱንም እጆች በሳሙና ቢያንስ 20 ሰኮንድ ማሸት፣ የጥፍርንም ሥር መፈግፈግ፣ ከዚያም በአየር ማድረቅ ይገባል። ሳሙና በሌለበት ንጹሕ የምድጃ አመድ ሊተካው ይችላል። እጅን በሳሙና መታጠብ የተቅማጥን በሽታ በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። አንድ ቁራሽ ሳሙና በኪስ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ መድኃኒት ቤት ይዞ እንደሚሄድ ይቈጠራል።

ሳያስቀይሙ ስለ መጠየቅ

ብዙ ሰው ጥንቃቄን ያውቃል፤ ነገር ግን ባለቤቲቱን አስቀይማለሁ ብሎ ያፍራል። በእውነቱ ግን በአክብሮት የተጠየቀ ነገር አያስቀይምም። «እናቴ፣ ወጡ ዳግመኛ እስኪንተከተክ ድረስ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ አልቸኩልም» ማለት ለምግቧ ክብር መስጠት እንጂ ንቀት አይደለም። ጥሬ ወተት ለቀረበለትም «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፤ ሆዴ ስለማይችለው ቢፈላልኝ» ማለት ይበቃል። በጠላ ፋንታ ቡና ቢለምን ማንም አይቀየመውም። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» እንደ ተባለው፣ ለሩብ ሰዓት ትዕግሥት ያጣ መንገደኛ ሳምንት ተኝቶ ሊከፍል ይችላል።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ለረጅም ሰዓት ለብ ብሎ የቆየ ወጥ አንዳንድ ጊዜ ጀርሞቹ የሚተዉት መርዝ ስለሚኖርበት ዳግመኛ ቢፈላም ላይነጻ ይችላል። ስለዚህ ማሞቅ የሚጠቅመው በቅርብ ለተሠራው ነው፤ ጠረኑ ወይም ጣዕሙ የተለወጠውን መተው ይሻላል።

የመምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ድርሻ

የምግብ ንጽሕና ትምህርት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ምግብ፣ ስለ ውኃና ስለ ሽንት ቤት ንጽሕና በየቀበሌው ሲያስተምሩ ቆይተዋል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2001 እ.ኤ.አ. «ለደኅና ምግብ አምስት ቁልፎች» ብሎ ያወጣው ምክር፣ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት፣ ንጹሕ ውኃና ጥሩ ጥሬ ዕቃ መጠቀም የሚል ነው። አምስቱም በባላገር ማጀት ያለ ብዙ ወጪ ሊፈጸሙ የሚቻሉ ናቸው።

መምህራን ይህን ትምህርት በተማሪዎቻቸው በኩል ወደ ማጀት ማስገባት ይችላሉ። ለገበያ ምግብ የምታዘጋጅ እናት ያላት ልጅ ሥጋ የተከተፈበትን ቢላዋና መክተፊያ ሳታጥብ ሽንኩርት እንዳትከትፍበት፣ ሌማቱን እንድትከድን፣ ተቅማጥ የያዘው ሰውም ምግብ እንዳያዘጋጅ ለእናቷ መንገር ትችላለች። የከተማ ሰውም ለባላገሯ የምሳ ዋጋ ሲከፍል አንድ ሳሙና ጨምሮ ቢተው፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው መንገደኛ ሁሉ መልካም ሠርቷል።

ሕመም የደረሰ እንደ ሆነ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ተቅማጥ ቢይዝ፣ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የወጣውን ውኃና ጨው መተካት ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው በጥቅል ያለ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሁሉ ይሻላል፤ እርሱ ባይገኝ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ይገባል። ደም ያለበት ተቅማጥ፣ የሩዝ እጣቢ የሚመስል ብዙ ተቅማጥ፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም ትኩሳት ሲኖር፣ ሕፃንም ዓይኑ ሲሰረጉድና መጠጣት ሲያቅተው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ በመንገድ የበሉትንና የጠጡትን ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር ለምርመራው ይረዳል።

በአጭሩ የዚህ ወር ምክራችን የሚከተለው ነው። ትኩሱን ብሉ፤ የፈላውን ጠጡ፤ ሥጋውን አብስሉ፤ ሁለት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በሽንት ቤት ተጠቀሙ፤ የምትሹትንም በአክብሮት ጠይቁ። ይህን የሚፈጽም መንገደኛ የባላገሩን እንጀራ በደስታ በልቶ፣ አስተናጋጁን አመስግኖ፣ በጤና ከቤቱ ይገባል።